ያረጀ የኮምፒዩተር የድምፅ ካርድ ለቋንቋ ትምህርት ያለውን ብቃት መመዘን፦ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አካባቢ ቋንቋዎች አንጻር የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

ለትምህርት ሥራ የሚውል መሣሪያ ሁሉ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። አንደኛው በገበያ የሚጠራለት ዋጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው በክፍል ውስጥ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በገበያ ከንቱ ሆኖ የተጣለ ዕቃ ለአንድ የተወሰነ ትምህርት ሊበቃ ይችላል፤ አዲስና ውድ የሆነውም ለዚያው ትምህርት ሳይበቃ ሊቀር ይችላል። በመሆኑም በመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት መጋዘን ውስጥ የሚገኙ ያረጁ ኮምፒዩተሮች «ይሠራሉ ወይስ አይሠሩም?» ተብሎ ብቻ ሊፈረድባቸው አይገባም። ትክክለኛው ጥያቄ «ለየትኛው ሥራ ይበቃሉ?» የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ኮምፒዩተሮች ክፍሎች አንዱ የሆነው የድምፅ ካርድ ለቋንቋ ትምህርት የሚመዘንበትን መንገድ ማብራራት ነው። ለምሳሌነት የተመረጡት የሚዛን ተፈሪና የቴፒ አካባቢ ቋንቋዎች ናቸው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። በዚህ የቡና አገር ከሚነገሩት ቋንቋዎች ብዙዎቹ የቃልን ትርጉም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሚለዩ ስለሆኑ፣ በሌላ አካባቢ ችላ ሊባል የሚችል የመሣሪያ ጉድለት በዚህ ስፍራ የትምህርት ስሕተት ይሆናል።

1. የድምፅ ካርድ ምንነትና አመጣጥ

የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች ከትንሽ ድምፅ ማጉያ በሚወጣ የጩኸት ምልክት ብቻ የሚወሰኑ ነበሩ። ይህን ጉድለት ለማሟላት በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ በሚሰካ ተጨማሪ ካርድ መጠቀም ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1987 በካናዳ የተሠራው አድሊብ የተባለው ካርድ በያማሃ ኩባንያ ዋይ-ኤም 3812 ቺፕ እየተረዳ 9 የሙዚቃ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያሰማ ነበር። ይሁን እንጂ የሰውን ንግግር መቅረጽ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር የተባለውን ካርድ ሲያወጣ በዚያው የሙዚቃ ቺፕ ላይ ድምፅን የሚቀዳና መልሶ የሚያሰማ ክፍል ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሳውንድ ብላስተር 16 ደግሞ ለሙዚቃ ሸክላዎች ምትክ በሆነው በሲዲ ልክ ድምፅን መቅዳትና ማሰማት ቻለ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የድምፁ ሥራ ከዋናው ሰሌዳ ጋር አብሮ እየተሠራ በመምጣቱ የተለየ ካርድ መግዛት ለአብዛኛው ተጠቃሚ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ።

ከዚህ አጭር ታሪክ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። በአንድ አሮጌ ካርድ ላይ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ተሰብስበዋል፤ እነዚህም ሙዚቃን በራሱ መፍጠር፣ የተቀዳን ድምፅ ማሰማት እና ከማይክሮፎን ወይም ከካሴት ማጫወቻ የሚመጣን ድምፅ መቅዳት ናቸው። በአንዱ የተመሰገነ ካርድ በሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ካርዶችን የሚሰበስቡ ሰዎች ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍሉት ብዙውን ጊዜ ለሙዚቃ ቺፑ ነው። ለቋንቋ መምህር ግን ዋናው ሥራ መቅዳትና ማሰማት ስለሆነ፣ የሰብሳቢዎች ዋጋ ለትምህርት ቤት ምርጫ መመሪያ ሊሆን አይችልም።

2. ድምፅ ወደ አኀዝ የሚለወጥበት መንገድ

የድምፅ ካርድ ማይክሮፎኑ የሚያቀብለውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በየጥቂቱ እየለካ ልኬቱን በአኀዝ ይመዘግባል። የዚህ ልኬት ጥራት በሁለት ነገሮች ይወሰናል። የመጀመሪያው በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ ይለካል የሚለው ሲሆን የናሙና ፍጥነት ይባላል። ሁለተኛው እያንዳንዱ ልኬት በስንት ደረጃዎች ይከፈላል የሚለው ሲሆን በቢት ይገለጻል።

የናሙና ፍጥነትን በሚመለከት የታወቀ ሕግ አለ። መቅዳት የሚቻለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከናሙናው ፍጥነት እኩሌታ አይበልጥም። ስለዚህ በሴኮንድ 11,025 ጊዜ የሚለካ ካርድ ከ5,500 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ሁሉ ያጣል። የመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር የተቀዳ ድምፅ እስከ 23,000 በሚደርስ ፍጥነት ሲያሰማ፣ ራሱ ሲቀዳ ግን ከ12,000 ገደማ አያልፍም ነበር። ይህም ማለት ያው አንድ ካርድ በሌላ መሣሪያ የተቀዳን ትምህርት በመልካም ሁኔታ ሊያሰማ ሲችል፣ ራሱ በሚቀዳው ትምህርት ላይ ግን ጉድለት ይታይበታል ማለት ነው።

ቢትን በሚመለከት፣ ባለ 8 ቢት ካርድ 256 ደረጃዎች ሲኖሩት ባለ 16 ቢት ካርድ 65,536 ደረጃዎች አሉት። በዲሲቤል ሲገለጽ የመጀመሪያው ወደ 48፣ ሁለተኛው ወደ 96 ይደርሳል። ነገር ግን ይህ ልክ የሚገኘው ተናጋሪው የካርዱን ሙሉ አቅም እስኪሞላ ድረስ ከፍ አድርጎ ሲናገር ብቻ ነው። የድምፁ መጠን በግማሽ በቀነሰ ቁጥር 6 ዲሲቤል ያህል ይጎድላል። አንድ ዓይን አፋር ሕፃን በዝግታ ሲናገር የካርዱን አንድ አራተኛ ብቻ ቢጠቀም፣ ባለ 8 ቢቱ ካርድ የሚሠራው በ64 ደረጃዎች ብቻ ይሆናል፤ ቀሪውንም ቦታ የሚሞላው ሽው የሚል የመሣሪያ ጫጫታ ነው።

የጥራት መጨመር ዋጋም አለው። አንድ ደቂቃ ንግግር በ11,025 ፍጥነትና በ8 ቢት ሲቀዳ 661,500 ባይት ይይዛል። ያው ንግግር በ44,100 ፍጥነትና በ16 ቢት ሲቀዳ 5,292,000 ባይት ይሆናል። በዚያ ዘመን የተለመደው 1.44 ሜጋ ባይት የሚባለው ፍሎፒ ዲስክ በመጀመሪያው መንገድ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሲይዝ፣ በሁለተኛው መንገድ ግን 17 ሴኮንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፉ ብዙ የንግግር ቅጂዎች ዝቅ ባለ ጥራት የተቀመጡት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

3. የአካባቢው ቋንቋዎች ከመሣሪያው የሚጠይቁት

ሚዛን ተፈሪ በቤንች ሸኮ ዞን፣ ቴፒ በሸካ ዞን ውስጥ የሚገኙ ሲሆን ሁለቱም ዞኖች በኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ናቸው። በአካባቢው ቤንች፣ ሸኮ፣ መዠንግር፣ ሜኢኒት፣ ካፋ፣ ሸካቾና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመማር መብት ስላላቸው፣ ለእነዚህ ቋንቋዎች የሚሆን የድምፅ መርጃ መሣሪያ ማዘጋጀት የኮሌጆችና የትምህርት ቤቶች ተግባር ሆኗል።

ከእነዚህ መካከል የቤንች ቋንቋ በልዩ ሁኔታ ይጠቀሳል። የቋንቋ ተመራማሪው ክላውስ ቬደኪንድ እ.ኤ.አ. በ1983 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ቋንቋው ስድስት ቃናዎች እንዳሉት አሳይቷል። ከእነዚህም አምስቱ በየደረጃቸው የቀኑ ሲሆኑ አንዱ ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚወጣ ነው። በዓለም ቋንቋዎች መካከል አምስት የቀኑ የቃና ደረጃዎችን የሚለዩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የሸኮም ቋንቋ አራት ደረጃዎች እንዳሉት ተጠንቷል። እንግዲህ በእነዚህ ቋንቋዎች ተነባቢውና አናባቢው አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ቃናው ብቻ ሲለወጥ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። አማርኛ ቃናን ለዚህ ሥራ ስለማይጠቀምበት፣ አፉን በአማርኛ የፈታ መምህር ወይም የመሣሪያ ባለሙያ ልዩነቱን ሳያስተውል ሊያልፈው ይችላል።

የቤንች ተናጋሪዎች በተለይም ወንዶች ከሩቅ ለመነጋገር ቋንቋቸውን በፉጨት ያስተላልፋሉ። ፉጨቱ በከንፈር ወይም ሁለት እጅ ተጋጥሞ በሚፈጠር ክፍተት የሚወጣ ነው፤ በአምስት አውታር ክራርም መልእክት ማስተላለፍ ይቻላል። በፉጨትና በክራር ውስጥ ተነባቢዎቹ ጠፍተው ቃናው ሲቀር መልእክቱ አሁንም መደመጡ፣ ቃና በቋንቋው ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ቦታ ያሳያል።

ከካርዱ አንጻር ሲታይ ሦስት ዓይነት ድምፆች ሦስት የተለያዩ ፈተናዎች ይሆናሉ።

ሀ. ቃና። ቃናን የሚወስነው የድምፅ አውታሮች በሴኮንድ የሚንቀጠቀጡበት ብዛት ነው። ይህም ለአዋቂ ወንድ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 180 ኸርዝ፣ ለሴት ከ160 እስከ 250 ኸርዝ፣ ለሕፃን ከዚያም በላይ ነው። ይህ ሁሉ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ስለሆነ ያረጀው ባለ 8 ቢት ካርድ እንኳ ሊቀዳው ይችላል። ፉጨትም አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ክልል ስለሚወድቅ ከካርዱ አቅም አያልፍም።

ለ. ትንፋሽ እየተፈተገ የሚወጡ ድምፆች። እንደ ሰ ያለው ድምፅ ኀይሉ በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። የቤንችና የሸኮ ቋንቋዎች ከሰ እና ከሸ ሌላ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚያወጣው ተጨማሪ ድምፅ ስላላቸው፣ የላይኛው ድግግሞሽ ሲቆረጥ ልዩነቱ ይደበዝዛል። በተለመደው የስልክ መስመር ከ3,400 ኸርዝ በላይ ስለማይተላለፍ ሰ እና ፈ እንደሚደናገሩ ይታወቃል፤ ዝቅተኛ የናሙና ፍጥነት ያለው ካርድም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሐ. ጉሮሮ ተዘግቶ በግፊት የሚወጡ ድምፆች። ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና እነዚህን የመሰሉ ድምፆች የሚታወቁት በአጭር ዝምታና ከዚያ በሚከተለው ፍንዳታ ነው። ካርዱ ጫጫታ የሚያበዛ ከሆነ አጭሩ ዝምታ በሽውታ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ጠ ከተ ጋር መቀራረብ ይጀምራል። በአንዳንድ ካርዶች ላይ ያለው ድምፅን በራሱ የሚያጎላ ክፍል በዝምታው ጊዜ ጫጫታውን ስለሚያሳድገው ጉዳቱን ያብሰዋል። ይህ ክፍል መዘጋት የሚችል ከሆነ ከመቅዳት በፊት ሊዘጋ ይገባል።

በቃና ላይ ግን አንድ የተደበቀ አደጋ አለ። ድምፅ የተቀዳበት ፍጥነትና የሚሰማበት ፍጥነት ካልተስማሙ ቃናው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ተናጋሪ ድምፅ ከ100 እስከ 160 ኸርዝ ቢሆንና በአምስት ደረጃዎች ቢከፈል፣ በሁለት ተከታታይ ደረጃዎች መካከል ያለው ርቀት 15 ኸርዝ ነው። በ11,025 ፍጥነት የተቀዳ ቃል በ12,000 ቢሰማ መካከለኛው 130 ኸርዝ ወደ 141.5 ኸርዝ ይወጣል። ይህም ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚወስደውን መንገድ ከግማሽ በላይ መጓዝ ነው። የትምህርቱ ቃላት በሙሉ በእኩል ቢንቀሳቀሱ ጆሮ ሊያስተካክለው ይችላል። በተለያየ ፍጥነት የተቀዱ ሁለት ቃላት በአንድ የልምምድ ቅጂ ውስጥ ጎን ለጎን ሲገቡ ግን፣ ሕፃኑ የሚሰማው ተናጋሪው ያልተናገረውን ቃና ነው።

የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ራሳቸው የታዘዙትን ፍጥነት በትክክል አይዙም። ፍጥነቱን የሚወስኑት አንድ ሚሊዮንን ለሙሉ ቁጥር በማካፈል ስለሆነ 11,025 ሲባሉ 10,989፣ 22,050 ሲባሉ ደግሞ 22,222 ያህል ይሰጣሉ። ይህ ስሕተት ከመቶ አንድ ስለማይሞላ ለክፍል ትምህርት የሚያሰጋ አይደለም። የሚያሰጋው የመቅጃውን ፍጥነት ሳይመዘግቡ ማስቀመጥና የተለያዩትን መደባለቅ ነው።

4. የአካባቢው አየርና የኤሌክትሪክ ሁኔታ

ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ፣ ቴፒ ደግሞ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ዓመታዊው ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን ከበበቃ እስከ ቴፒ ያለውን የቡና እርሻና የጥላ ዛፍ የሚያለመልመው ይኸው እርጥበት ነው። ለቡና የተመቸው አየር ግን ለኤሌክትሮኒክ ዕቃ አይመችም። ለዓመታት በመጋዘን በተቀመጠ ካርድ ላይ የመሰኪያው ጥርሶች ይዝጋሉ፣ ሻጋታ ይወጣል፣ ካፓሲተሮች ያብጣሉ ወይም ውሃ ያፈሳሉ፣ ነፍሳትም በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይሰፍራሉ።

ሁለተኛው ችግር የኤሌክትሪክ ሁም የሚባለው ጉርምርምታ ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በደካማ ካርድና ባልተሸፈነ ሽቦ በኩል 50፣ 100 እና 150 ኸርዝ ድምፅ ይገባል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የአዋቂ ወንድ ቃና በሚገኝበት ክልል ውስጥ የሚወድቁ ናቸው። ለአማርኛ ትምህርት ሁሙ የሚያሰለች ብቻ ሲሆን፣ ለቤንች ትምህርት ግን ዝቅተኞቹን የቃና ደረጃዎች ሊሸፍን ይችላል። በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነም የጉርምርምታው ድግግሞሽ ከጭነቱ ጋር ስለሚለዋወጥ ማስወገዱ ይብሳል።

ሦስተኛው በቆርቆሮ ክዳን ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። የትኛውም ካርድ፣ አሮጌም ሆነ አዲስ፣ የዝናቡን ድምፅ ከተናጋሪው ድምፅ ለይቶ አይተውም። ስለዚህ የመቅዳት ሥራ ዝናብ በሚቀንስባቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ በሌላውም ወራት በደረቁ የቀን ክፍል እንዲከናወን ማቀድ ይገባል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ምንጣፍና ብርድ ልብስ መስቀል የድምፁን ማስተጋባት ይቀንሳል።

5. የምዘናው ቅደም ተከተል

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች ልዩ የላቦራቶሪ መሣሪያ ሳያስፈልግ በኮሌጅ ወይም በትምህርት ቤት ሊፈጸሙ ይችላሉ። አንዱ ሳይሟላ ወደሚቀጥለው መሄድ ጊዜን ማባከን ነው።

አንደኛ፣ በዓይን መመርመር። ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ መስመር ተነቅሎ ካርዱ በጥንቃቄ ይወጣል። ያበጠ ካፓሲተር፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም የተቃጠለ ምልክት ካለ ለባለሙያ ሳይታይ ኤሌክትሪክ አይሰጠውም። የመሰኪያው ጥርሶች በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ይታሻሉ፤ ከዚያም በንጹሕ አልኮል በነካ ጨርቅ ተጠርገው በጥላ ሥር እስኪደርቁ ይቆያሉ። በእሳት ወይም በጠራራ ፀሐይ ማድረቅ ጉዳት ያመጣል።

ሁለተኛ፣ ካርዱን ከኮምፒዩተሩ ጋር ማስማማት። አሮጌዎቹ ካርዶች አይሳ በሚባለው ረጅም መሰኪያ ላይ የሚገቡ ስለሆነ በዘመኑ ኮምፒዩተር ላይ ቦታ የላቸውም፤ ዕድሜያቸው ከተሸከማቸው ኮምፒዩተር ዕድሜ ጋር የተቆራኘ ነው። ብዙዎቹ አድራሻ 220፣ የማቋረጫ መስመር 5 ወይም 7 እና ዲኤምኤ 1 ተብለው ይስተካከላሉ። መስመር 7 በአታሚ ማሽንም የሚያዝ በመሆኑ ሁለቱ ሲጋጩ ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል። እንዲህ ያለው ካርድ ተበላሽቷል ተብሎ ከመጣሉ በፊት መስመሩ ተለውጦ ሊሞከር ይገባል።

ሦስተኛ፣ ዝምታን መቅዳት። ማይክሮፎኑ ተነቅሎ 10 ሴኮንድ ይቀዳል፤ ቀጥሎም ማይክሮፎኑ ተሰክቶ ጸጥ ባለ ክፍል ሌላ 10 ሴኮንድ ይቀዳል። በመጀመሪያው የሚሰማው ጉርምርምታና ሽውታ የካርዱ የራሱ ነው፤ በሁለተኛው ላይ የሚጨመረው የማይክሮፎኑ፣ የሽቦውና የክፍሉ ነው። ይህን ሳይለዩ ካርዱን መውቀስ ወይም ማመስገን አይቻልም።

አራተኛ፣ የታወቀ ድምፅ አሰምቶ መልሶ መቅዳት። ከካርዱ መውጫ ወደ መስመር መግቢያው ሽቦ ተዘርግቶ የ100፣ የ200፣ የ400፣ የ1,000፣ የ4,000 እና የ8,000 ኸርዝ ድምፆች በተራ ይሰማሉ፤ ይቀዳሉም። ማሰማትና መቅዳት በአንድ ጊዜ የማይችል ካርድ ከሆነ ድምፆቹ ከሌላ ማጫወቻ ይመጣሉ። ከፍ ያሉት ድምፆች ደክመው ወይም ጠፍተው ቢገኙ ካርዱ ለትንፋሽ ድምፆች እንደማይበቃ ይታወቃል። ከፍ ያለ ድምፅ ተሰጥቶት ዝቅ ያለ እንግዳ ድምፅ ከመለሰ ደግሞ የማጣሪያ ጉድለት አለበት።

አምስተኛ፣ የቃላት ፈተና። ይህ የምዘናው ልብ ነው። አፋቸውን በቋንቋው የፈቱ አንድ ተናጋሪ በቃና ብቻ የሚለያዩ አምስት ቃላትን እያንዳንዳቸውን አራት አራት ጊዜ ይናገራሉ፤ 20 ቃላት ይሆናሉ። ቅደም ተከተሉ ተደባልቆ፣ በመቅዳቱ ጊዜ ላልነበሩ የቋንቋው ተናጋሪዎች ይሰማል፤ እነርሱም የሰሙትን ቃል በሥዕል ላይ ያመለክታሉ። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከ20 ውስጥ 4 ያህል ሊያገኝ ስለሚችል ይህ እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ከዚህም በፊት ተናጋሪው ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ያንኑ ቃላት በራሳቸው ድምፅ ሲናገሩ አድማጮቹ ስንቱን እንደሚለዩ መመዝገብ አለበት። የካርዱ ውጤት የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው። በራሳቸው ድምፅ 19 የተለየው በካርዱ 18 ቢሆን ካርዱ ለቃና ይበቃል፤ 12 ቢሆን አይበቃም። ልዩነቱ ከሁለት ቃላት እንዳይበልጥ ማድረግ እንደ መነሻ ሊያዝ ይችላል። ተመሳሳይ ፈተና ለሰ እና ለሸ ዓይነት ድምፆች፣ ለጠ እና ለተም ይደገማል። በሁለት ቃላት ብቻ የሚደረግ ፈተና በግምት 10 ሊያስገኝ ስለሚችል ውጤቱ ከዚያ አንጻር መታየት ይኖርበታል።

አድማጮቹ የቋንቋው ተናጋሪዎች እንጂ የመሣሪያው ባለሙያ ወይም አማርኛ ተናጋሪው መምህር ብቻ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቃናን የማይለይ ጆሮ ቃና የጠፋበትን ቅጂ «ጥርት ያለ ነው» ብሎ ሊያጸድቅ ይችላል።

6. ከምዘናው በኋላ የሚሰጥ ውሳኔ

የምዘናው ውጤት በአብዛኛው ከሚከተሉት አንዱን ውሳኔ ያስከትላል።

ሀ. ለማሰማት ብቻ የሚበቃ ካርድ። ባለ 8 ቢት ካርዶች ብዙውን ጊዜ እዚህ ይወድቃሉ። በተሻለ መሣሪያ የተቀዳን ትምህርት ለማሰማት ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ለተማሪዎች አርአያ የሚሆን ድምፅ ግን ሊቀዳባቸው አይገባም። የሙዚቃ ቺፓቸውም ቢሆን ንግግር ባይናገርም አምስት የቀኑ ድምፆችን በደረጃ አሰልፎ ስለሚያሰማ፣ ለዕጩ መምህራን የጆሮ ልምምድ ሊውል ይችላል።

ለ. ለመቅዳትም የሚበቃ ካርድ። ባለ 16 ቢት ካርድ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ፈተና ካለፈ በ22,050 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ሊቀዳበት ይችላል። የተለየ ጥቅሙ የሚታየው ግን አሮጌ ካሴቶችን ወደ ኮምፒዩተር በመገልበጥ ላይ ነው። በየኮሌጁና በየቤቱ በካሴት የተቀመጡ የሽማግሌዎች ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በእርጥበቱ ምክንያት በየዓመቱ እየተበላሹ ናቸው። ተራ ካሴት የሚይዘው የድምፅ ስፋት ወደ 50 ዲሲቤል ብቻ ስለሆነ ባለ 16 ቢት ካርድ ከካሴቱ ላይ የሚያጎድልበት ነገር አይኖርም። በዚህ ሥራ ጊዜ የካርዱን ማይክሮፎን መግቢያ ሳይሆን የመስመር መግቢያውን መጠቀም ያስፈልጋል። የባለ ድምፁ ወይም የቤተሰቡ ፈቃድ፣ የተናጋሪው ቋንቋና ቀበሌ፣ የተቀዳበት ዘመንና የናሙናው ፍጥነት አብረው ይመዘገባሉ።

ሐ. ከአገልግሎት የሚወጣ ካርድ። ጉርምርምታው የማይወገድ፣ አስማሚ ፕሮግራሙ የማይገኝ ወይም ለጥገናው የሚጠፋው የባለሙያ ጊዜ ከጥቅሙ የሚበልጥ ከሆነ ካርዱን ማሰናበት ተገቢ ነው። እንዲህ ያለው ካርድ ተፈታቶ ለተማሪዎች የድምፅ አቀዳድን ሥርዐት ለማሳየት ሊውል ይችላል።

አሮጌው በተሰናበተ ጊዜ የሚተካው አዲስ መሣሪያም ከዚሁ ምዘና ነጻ አይደለም። በብዙዎች እጅ የሚገኘው ተንቀሳቃሽ ስልክ ጥሩ ማይክሮፎን ሊኖረው ይችላል፤ በባትሪ ስለሚሠራም ከመስመሩ ጉርምርምታ ይድናል። ነገር ግን በርካታ ተራ ስልኮች ንግግርን በሚያጨምቅ ዘዴ በ8,000 የናሙና ፍጥነት ብቻ ይመዘግባሉ። ይህ ደግሞ ከ1989ኙ እ.ኤ.አ. ካርድ የመቅጃ ፍጥነት ያነሰ ነው። የስልኩ መቅጃ ወደ ተሻለ ደረጃ ካልተለወጠ በቀር አዲሱ መሣሪያ ከአሮጌው የከፋ ድምፅ ሊያስቀምጥ ይችላል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተብራራው ያረጀ የድምፅ ካርድ በዕድሜው ወይም በስሙ ሊመዘን አይገባም። የሚመዘነው ተማሪው እንዲለያቸው የሚፈለጉትን ድምፆች ሳያዛባ በማድረሱ ነው። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ይህ መመዘኛ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብዳል። ምክንያቱም የተንቀሳቀሰ ቃና ሌላ ቃል ነው፤ በመጀመሪያ ክፍል ያለ ሕፃንም ከመሣሪያው የሰማውን ከእናቱ አፍ ከሰማው ጋር እያነጻጸረ ይደናገራል። አለዚያም ትምህርት ቤቱ ቋንቋውን አያውቅም ብሎ ይደመድማል።

ስለሆነም ሦስት ነገሮች እንዲፈጸሙ ይመከራል። መጀመሪያ፣ ኮሌጆችና የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት የድምፅ መሣሪያ ከመቀበላቸው ወይም ከማስወገዳቸው በፊት የቃላቱን ፈተና በአካባቢው ቋንቋ እንዲያካሂዱ፤ ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የናሙናው ፍጥነትና የቢቱ ልክ እንዲጻፍ፤ ሦስተኛ፣ ለመቅዳት የሚበቁት ካርዶች በቅድሚያ በመበላሸት ላይ ያሉትን ካሴቶች ለማዳን እንዲውሉ ነው። የተሰበረ ካርድ በሌላ ካርድ ይተካል፤ ሻጋታ የበላው የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ግን ተናጋሪው ካለፉ በኋላ መልሶ የሚቀዳበት መንገድ የለም።